መድኃኒቱ ርካሽ፣ መንገዱ ውድ

ረቡዕ፣ ኮምቦልቻ

ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው ቦርሳው የራሱ አይደለም። መሄዴ ከተሰማ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ለአክስቴ ጎረቤት የአስም ፓፍ፣ በአካል ለማላውቃቸው ሼህ የግላኮማ ጠብታ፣ ለአንዲት ሕፃን የሚጥል በሽታ ሽሮፕ። ሁሉም "ደሴ ፈልገን አጣነው" የተባለ ነው። ጠብታው ሳይከፈት ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ያለበት ዓይነት ስለሆነ ከበረዶ ጋር በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩት። ቦሌ ላይ ፈታሿ ቦርሳዬን ከፍታ አየችና "ለእናትህ ነው?" አለችኝ። ለሰፈሩ ነው አልኳት። ሳቀች። እሷም ሐርቡ ላሉ ዘመዶቿ በየወሩ ትልካለች።

አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ ወደ ደሴ ከመውጣቴ በፊት ቀኑን እዚያው ዋልኩ። ማየት የፈለግኩት ነገር አንድ ነው፤ መድኃኒት ቤት ለማን ቅርብ፣ ለማን ሩቅ እንደሆነ።

ላይ ላዩን ሲያዩት ኮምቦልቻ ላይ ለሁሉም ቅርብ ይመስላል። ዋናው አስፋልት ግራና ቀኙ መድኃኒት ቤት ነው። ከባጃጅ ወርደህ ብዙም ሳትራመድ አንዱ ጋ ትደርሳለህ። ግን ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ሠራተኛው አስፋልት ዳር አይከራይም፤ ደመወዙ አይፈቅድለትማ። ወደ ዳር ወጣ ብሎ፣ ከመሸ ባጃጅ እንኳ ደስ ብሎት በማይገባበት ኮረኮንች ላይ፣ አንዷን ክፍል ለሦስት ለአራት ሆኖ ይኖርባታል።

እንደዚህ ያለ አንድ ሰፈር ገብቼ ሁለት የፋብሪካ ልጆች አነጋገርኩ። የማታ ሺፍት ሲወጡ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። ቀን ደግሞ እንቅልፍ አለ፤ ከእንቅልፍ ቀጥሎ ሥራ።

"ታዲያ ስትታመሙስ?"

"ሱቅ አለ።"

ሱቁን አሳዩኝ። ከማስቲካና ከሞባይል ካርድ ጎን የራስ ምታት ክኒን በፍሬ ይሸጣል። ካፕሱልም አለ፤ እሱ ግን ከባንኮኒው ሥር ነው የሚወጣው። ስትሪፑን ሳገላብጠው አሞክሳሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው። ያለ ፈቃድ መድኃኒት መሸጥ ክልክል መሆኑን ባለሱቁ አሳምሮ ያውቃል። "ሌሊት የልጃቸው ሰውነት ሲግል በሬን ያንኳኳሉ። ምን ልበላቸው?" አለኝ። ሐሳቡ ይገባኛል። ነገር ግን ኮምቦልቻ ወባ ያለባት ከተማ ናት። ትኩሳቱ ወባ ከሆነ ካፕሱሉ ምንም አይፈይድም። ውድ የሆኑትን ሰዓታት ነው የሚበላው። የሆስፒታል ፋርማሲ ሌሊትም ይሠራል፤ በዚያ ሰዓት ግን ባጃጅ ያለ ኮንትራት አይንቀሳቀስም። የኮንትራቱ ዋጋ ከመድኃኒቱ ይበልጣል።

ሐሙስ፣ ደሴ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ሚኒባሱ እየተጠማዘዘ ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ሜትር ያወጣሃል። ታች በቲሸርት ተሳፍረህ ላይ ስትደርስ ጋቢ ያምርሃል። ጤነኛ ሰው ጆሮው ደፈን ብሎ ያልፍለታል። ከኋላዬ የተቀመጡት እናት ግን የኩላሊት ሕመምተኛ ነበሩ፤ መንገዱን ሙሉ ፌስታል ይዘው ነው የወጡት።

ደሴ ስደርስ በቀጥታ ወደ አንድ ሆስፒታል በር ሄድኩ። የትኛውም የኢትዮጵያ ከተማ ላይ ፋርማሲ ከፈለግህ የሆስፒታል በር ፈልግ። ተደርድረውልሃል። ሐኪም ባለበት ማዘዣ አለ፤ ማዘዣ ባለበት ገዢ አለ። ከበሩ እየራቅህ ስትሄድ ይሳሳሉ፤ ዳር ሰፈሮች ስትደርስ ጭራሽ ይጠፋሉ። ይህን ማንም አላቀደውም። ማንም ስላላቀደውም ነው እንዲህ የሆነው።

አንድ አባት ዓይኔ ውስጥ ገቡ። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፣ ማዘዣ ይዘዋል። አንዱ ፋርማሲ ገብተው ወረቀቱን ይሰጣሉ። ዋጋ ይጠይቃሉ። ወረቀቱን መልሰው ይቀበሉና ቀጣዩ ጋ ይገባሉ። ከወረኢሉ በኩል ነው የመጡት። ተከትያቸው ገባሁ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ወጣት ፋርማሲስት ናት፤ እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የተማረች።

"ስንት ነው ዶክተር?" አሏት። ነገረቻቸው። አሰብ አደረጉ።

"ግማሹን ስጪኝ።"

"አባባ፣ ይሄኛው በግማሽ አይሆንም። ሰባቱንም ቀን ካልዋጡት በሽታው ይመለስብዎታል።"

"አውቃለሁ ልጄ። የቀረችኝ የመመለሻ ትራንስፖርት ናት።"

ልጅቷ ወደ ደብተሯ አየች። ሙሉውን ቆጥራ ሰጠቻቸውና የጎደለውን ጻፈች። "አብሽሩ አባባ፣ ሌላ ጊዜ ሲመጡ ያመጡልኛል።" መርቀዋት ወጡ። ይመልሳሉ ወይ አልኳት። "አንዳንዱ ይመልሳል። አንዳንዱ ዶሮ ያመጣል።"

ሰው ሲቀንስ ስለ ሥራዋ አወራችኝ። ምሬቷ ስለ ዱቤ አይደለም። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ዋጋው እየናረ ሄደ። የሸጠችበት ገንዘብ መልሶ ያንኑ ያህል ዕቃ አያመጣላትም። ስለዚህ ቶሎ የሚሸጠውን ታመጣለች፤ ቀስ ብሎ የሚሸጠውን ትተዋለች። ቀስ ብሎ የሚሸጠው የማን መድኃኒት ነው? በእኔ ቦርሳ የመጣው የዚያች ሕፃን ሽሮፕ ነዋ።

እዚህ በር ላይ በብዛት የምትሰማው ቃል "ከውጭ" ነው። "ከውጭ ግዙ ተባልን።" ነገሩ እንዲህ ነው። የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት በዋናነት የሚያገኙት ከኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ብዙ ባለሙያ እስካሁን በድሮው አጠራር ፒኤፍኤስኤ ይለዋል። ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለው። በዚያ መስመር የመጣ መድኃኒት በመንግሥት ፋርማሲ መስኮት ስትገዛው ከግሉ ይረክሳል። ግን ሲያልቅ ያልቃል። ያኔ በሽተኛው ማዘዣውን ይዞ በሩን ይወጣል፤ ባንኮኒ ለባንኮኒ መዞር ይጀምራል። በ2014ቱ ጦርነት ይህ መስመር ጨርሶ ተበጥሶ እንደነበር ደሴ አትረሳም። የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር። በሽተኛው ውስጥም ውጭም ባዶ መደርደሪያ ነበር የሚጠብቀው።

ዓርብ፣ ከኩታበር አለፍ ብሎ

ኩታበር ከደሴ በሰሜን ምዕራብ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ የሄድኩት ከዚያ አለፍ ብላ ወዳለች ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። ስሟን ልተወው፤ እንደ እሷ ያሉ ብዙ ናቸው።

ከተማዋ አንድ መድኃኒት ቤት አላት። ስደርስ ተዘግቷል። በሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ዕቃ ለማምጣት ደሴ ሄጃለሁ። ቅዳሜ ክፍት ነው።" ከበሩ ሥር አንዲት እናት ሕፃን አዝለው ቁጭ ብለዋል። እኔም እንደ ሰው ሁሉ እስከ ቅዳሜ እንደማይከፈት ነገርኳቸው። ተነሱ፤ ያላመኑኝ ይመስላሉ።

ጤና ኬላው ክፍት ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በትዕግሥት አስጎበኘችኝ። መደርደሪያው ባዶ አይደለም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ለተቅማጥ ኦአርኤስ አለ፣ ዚንክ አለ፣ ለሕፃናት የሳንባ ምች የሚሰጠው በውሃ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን አለ፣ የእርግዝና መከላከያ መርፌ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ሲጀመር ትኩረቱ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ሰው ገደማ ታስቦ ነው የተሠራው። ለተቅማጥና ለሕፃን ሳል ይህ መደርደሪያ ሕይወት አድኗል። ሕፃን ያዘሉትን እናት ወደዚያው ላክኋቸው።

አሁን ግን የመንደሩ ሰው የሚታመመው በዚህ ብቻ አይደለም። ግፊት አለ። ስኳር አለ። ልጅቷ ከመሳቢያዋ የግፊት መለኪያ አውጥታ አሳየችኝ። ትለካለች። ከፍ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሪፈር ትጽፋለች። መድኃኒቱ እሷ ጋ የለም፤ እንድትሰጥም አልተፈቀደላትም።

"ሪፈር የተጻፈላቸው ይሄዳሉ?"

"አንድ ጊዜ ይሄዳሉ።"

እዚህች መልስ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የግፊት ክኒን ብዙውን ጊዜ ውድ አይደለም። አምሎዲፒን ከርካሾቹ አንዱ ነው። ነገር ግን የሚሰጠው ለአንድ ወር ነው። አንድ ገበሬ ለዚህች ክኒን በየወሩ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ይከፍላል። ምሳ ይበላል። የሥራ ቀን ያጣል። አንዳንዴም "አልቋል፣ ሳምንት ና" ይባላል። ሁሉንም ደምረህ ስታየው ከሚያወጣው ገንዘብ ትንሿ የመድኃኒቱ ናት። ስለዚህ ራሱን ሲያመው ይሄዳል፤ ሲሻለው ይተዋል። ግፊት ደግሞ አያሳምምም፤ ድንገት ነው የሚጥል።

ከሰዓት በኋላ ባለመድኃኒት ቤቱ አባዱላ ላይ ካርቶን ጭኖ ከተፍ አለ። ወረቀቱ ላይ ቅዳሜ ቢልም ቶሎ ቀንቶታል። ድራጊስት ነው፤ ከፋርማሲስት በታች ያለ የመድኃኒት ባለሙያ ማለት ነው። ፈቃድ በደረጃ ነው የሚሰጠው፤ ከላይ በፋርማሲስት የሚመራው ፋርማሲ፣ ከሥሩ መድኃኒት መደብር፣ ከዚያ የገጠር መድኃኒት ቤት። ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር መሸጥ የሚፈቀደው የመድኃኒት ዓይነት ያንሳል። ስለዚህ ዕቃ ቢኖረው እንኳ ሁሉንም አይሸጥም።

"ኢንሱሊን ለምን አትይዝም?" አልኩት።

"መብራቱን አይተኸዋል?" አለኝ። ሲጠፋ ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። ፍሪጁ ቁም ሣጥን ይሆናል። ጅምላ አከፋፋዮቹ እዚህ ድረስ አያመጡለትም። ደሴ ሄዶ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ሱቁን ዘግቶ ማለት ነው። ውድ መድኃኒት ካመጣ ጊዜው ያልፍበታል። ያለፈበትን ደግሞ ማንም አይመልስለትም። "ፋርማሲስት ተምሮ እዚህ የሚከፍት ሞኝ ማን አለ?" ብሎ ሳቀ። ራሱን አልቆጠረም።

ቅዳሜ፣ ደሴ

ዛሬ አክስቴ ቤት ነኝ። የብስኩት ቆርቆሮዋን ከፈተችልኝ። ውስጡ ክኒን ነው፤ የእሷ፣ የባሏ የነበረ፣ የጎረቤት። የእሷ ሲያልቅባት ከታች ቤት ትበደራለች፣ የእነሱ ሲያልቅ ታበድራለች። የክኒን ዕቁብ ነው። አንዱ ስትሪፕ 5 ሚሊ ግራም፣ ሌላው 10 ነው። "ያው የግፊት አይደል?" አለችኝ። አይደለም አልኳት፤ እጥፍ ነው። "ኤዲያ፣ እስከ ዛሬ አልሞትኩ" ብላ ቆርቆሮዋን ዘጋች። ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩበት። ጠብታውን ሊወስድ የመጣው የሼሁ ልጅ ግን በጥንቃቄ አዳምጦኝ ሄደ።

እሑድ ዝናብ ነበር። ጦሳ በጭጋግ ተሸፍኖ ዋለ፣ እኛም ቡና ላይ ዋልን።

ሰኞ፣ ሐይቅ

ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚመጣው ለሐይቁና ለእስጢፋኖስ ገዳም ነው። እኔ ግን የመጣሁት ለጤና መድን ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ሲሞከር ተሁለደሬ አንዷ ነበረች። አገሩ ሁሉ ገና ሳይሰማው እዚህ ገበሬው የመድን ደብተር ይዞ ነበር።

ሐሳቡ ግልጽ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ውል ባላቸው የመንግሥት ተቋማት ካርድ፣ ምርመራ፣ መድኃኒት ሳይከፍል ያገኛል። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍልላቸዋል። እውነት ለመናገር፣ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ለድሃው የሚቀርበው ይህ ነው። በሬ ሸጦ መታከም የቀረላቸው ቤተሰቦች አሉ።

አንዲት እትዬ ግን ደብተራቸውን አውጥተው እያገላበጡ ያጫወቱኝ ሌላ ነው። መዋጮውን አንድም ዓመት አላቋረጡም። ምርመራው በነጻ ነው፤ ተመስገን። ማዘዣው ሲመጣ ግን ከሦስቱ መድኃኒት አንዱ ብቻ መስኮቱ ላይ አለ። ሁለቱ "ከውጭ" ናቸው። ውጭ ደግሞ ደብተሩ አይሠራም።

"ለምርመራማ አልከፈልኩም" አሉኝ። "ምን እንደሚገድለኝ በነጻ ነገሩኝ።"

አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። መድኑ ከከተማው የግል ፋርማሲ አንዱ ጋር እንኳ ውል ቢኖረው፣ መስኮቱ ባዶ ሲሆን ደብተሩ እዚያ ቢሠራ፣ እሳቸው ደሴ ድረስ ባልሄዱ። ያለዚያ በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ሰብሳቢው ሲመጣ በሩን የሚዘጋበት ይበዛል። አልፈርድባቸውም።

ማክሰኞ፣ ወደ ኮምቦልቻ መልስ

ሐረጎን ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሻይ የሚያዝበትን ፔርሙዝ እቅፍ አድርጋ ይዛለች። ሻይ መስሎኝ ነበር። ኢንሱሊን ነው፣ ለልጇ። ውስጡ በረዶ አለ። ከኮምቦልቻ በባቲ መንገድ ደጋንን አልፋ ነው የምትኖረው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው ከብርሃንና ከሙቀት ርቆ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። እነሱ ሰፈር ግን ጥላውም ይሞቃል። ቤቷ እንደደረሰች በውሃ በራሰ ጨርቅ የተጠቀለለ እንስራ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት። "ቸግሮኝ" አለች። ለነገሩ ፍሪጅ በሌለበት ባለሙያዎችም የሚመክሩት ዘዴ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ በረራዬ እስኪደርስ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚሠራ የድሮ ወዳጄን አገኘሁት። ፋርማሲስት ነው። ስለ ባለፔርሙዟ ሴት ነገርኩትና የሰነበተብኝን ጥያቄ አነሳሁበት። በ2010 ገደማ የኤችአይቪ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ለስድስት ወር እንዲወስዱ ተፈቀደ። ደህና የሆኑት በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው የሚመጡት። መንገዱ ቀለለላቸው፣ ወረፋውም ቀነሰ። ታዲያ ግፊትና ስኳር ምን አደረጉ?

"የኤችአይቪው በፕሮግራም ነው የሚመጣልኝ፣ አይቋረጥም" አለ። "ለዚያች ሴት የስድስት ወር ኢንሱሊን ብሰጣት ከኋላዋ ለተሰለፉት ምን እሰጣለሁ?"

"ኢንሱሊኑን ተወው። ክኒኑስ? አምሎዲፒን ፍሪጅ አይፈልግ።"

"ለክኒን ሦስት ወር ይቻላል። ሐኪሙ ይጻፍልኝ እንጂ።"

"ለምን አይጽፍም?"

"ግፊታቸውን በየወሩ ማየት አለበታ።"

"ጤና ኬላ ላይ መለኪያ አይቻለሁ እኮ። እዚያው ይለኩ፣ ከፍ ያለበት ብቻ ይምጣ።"

"የእኛዎቹ ጋ መኖሩን እንጃ" ብሎ ስልኩን አነሳ። በእነሱ ሥር ካሉት ጤና ኬላዎች ወደ አንዷ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር የልጅቷን መልስ ሰማሁት።

"አለን እንጂ" አለች። "ባትሪው አልቆ ነው የተቀመጠው።"

ስንት ባትሪ እንደሚፈልግ ጠየቃት። አራት አለችው፤ ቀጭኑን።